የፍል ውሃው ምስክር

ለፍል ውሃ የሚሄድ ሰው የዒድ ቀሚስ ምን ይሠራለታል? ቅዳሜ ጠዋት እማማ ሳልሀ በጓዳው በር በኩል ሲያልፉ፣ ምራታቸው ሉባባ የልጇን የነጅዋን አረንጓዴ የዒድ ቀሚስ አጣጥፋ ከሻንጣው ሥር አስተኝታ በላዩ ላይ ፎጣ ስትደረድርበት አዩ። ፎጣው ከላይ፣ ሐሩ ከታች። ሉባባ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ እጇ ባለበት ቀረ። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ «እማማ፣ ሽርጥዎንም ከትቼዋለሁ፤ ለውሃው ይሆንዎታል» አለች። ስለ ሽርጥ ማን ጠየቃት? እማማ ሳልሀ «እሰየው» ብለው አለፉ፤ ሆዳቸው ግን አላለፈም፣ እዚያው በሩ ላይ ቀረ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እማማ ሳልሀ ግን ኖረውበታል። ለመሆኑ ይህ የፍል ውሃ ነገር ከየት መጣ? ልጃቸው ሙሂዲን ሦስት ዓመት ሙሉ «ጉልበቴን» ባሉት ቁጥር «ቪክስ ተቀቢ እማዬ» እያለ ወደ ሱቁ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነው። አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቁን ለዒድ ካልሆነ ዘግቶት አያውቅም። እሱ ነው እንግዲህ ሐሙስ ማታ እራት ላይ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜ ፍል ውሃ ይዤሽ እሄዳለሁ፤ ለጉልበት ፍቱን ነው አሉ። ሁላችንም እንሄዳለን፤ አድረን እንመለሳለን» ያለው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጺሙን ተላጭቶ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ነበር፤ ዕቃ ልቀበል ነው ብሎ። ጨርቁ ሁልጊዜ በጀልባ ነው የሚመጣው፤ ከመቼ ወዲህ ነው ክንፍ ያወጣው? ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም የእሳቸውን መኝታ ከባልና ሚስቱ ክፍል በሚለየው የኮምፔርሳቶ ግድግዳ በኩል ጆሯቸው ጥልቅ ያለ ነገር ነበር። መጀመሪያ «ጅዳ» የሚል ሰሙ፤ ቀጥሎ «ከረመዳን በፊት» የሚል። ከዚያ ሉባባ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «አሥራ ሁለተኛን ብትጨርስስ ምን ልትሆን ነው? ወደቡ ላይ ጸሐፊ?» አለች። ይህን የሰማ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ልጅቱን ለጅዳ ሰው ሊሰጧት ነው።

ነጅዋ የልጅ ልጃቸው ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሥረኛ ክፍል። እማማ ሳልሀ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ ሳውሳን የምትባል። በአሥራ አምስት ዓመቷ «ደግ ነው፣ ሀብታም ነው» ለተባለ የፖርት ሱዳን ነጋዴ ሲሰጧት እሳቸውም ከሰው ጋር እልል ብለዋል። በሁለተኛው ዓመት በወሊድ ሞተች ተብሎ ተላከባቸው፤ መቃብሯን እንኳ አላዩትም። ነጅዋ ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና አጠገቧ ቁጭ ብለው በማራገቢያ ዝንብ የሚከላከሉላት እንዲያው ሥራ ፈተው አይደለም።

በፔጆዋ ውስጥ ማንም ብዙ አልተናገረም። ሙሂዲን ይነዳል፤ ሉባባ ከአጠገቡ ሻንጣውን እግሯ ሥር ይዛ፤ እማማ ሳልሀና ነጅዋ ከኋላ። የጨው ማምረቻውን አልፈው ጥቁሩ ድንጋይ ሜዳ ሲጀምር ሙሂዲን ስለ ዓሣ ዋጋ አነሣ፤ ሉባባ «አዎ ተወዷል» አለች፤ ነገሩ እዚያው ሞተ። ወደ ደባይሲማ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ ዝምታቸው ሌላ ነው፤ ሲስማሙ ዝምታቸው ሌላ ነው። የዛሬው የተስማሙ ሰዎች ዝምታ ነበር፤ እማማ ሳልሀን ያስፈራቸውም ይኸው ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገጠመላቸውም። ልጅቱን ለማሳየት ከሆነ እሳቸውን ለምን ይዘው መጡ? ቤት ትተዋቸው፣ «ሉባባ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደች» ማለት ይበቃ ነበር። ሌባ ውሻውን ቀስቅሶ አይሰርቅም።

ሆቴሉን ጣልያን ጀምሮት፣ ሌላው ቀጥሎት፣ ማንም ሳይጨርሰው የቀረ ይመስላል። በጥቁር ኮረብታ ሥር የተኮለኮሉ ስምንት ክፍሎች፣ ከፊታቸው ረጅም በረንዳ፣ በመካከሉ ሰማያዊ ሸክላው የረገፈ ገንዳ፤ ገንዳው ውስጥ ውሃ የለም፣ አንዲት ፍየል አለች። የክፍሉ ዋጋ ለአንድ ሌሊት ሰባ ብር ነው ሲባል እማማ ሳልሀ ደነገጡ፤ በዚህ ዋጋ ካምፖ ሱዳን ውስጥ አንድ ክፍል ለወር ይከራያል። እሳቸውና ነጅዋ የደረሳቸው ክፍል ሁለት የብረት አልጋ፣ ቀዳዳው በክር የተቋጠረ አጎበርና የማይዞር ቬንትሌተር አለው። ጄኔሬተሩ የሚነሣው ማታ ብቻ ነው። ግድግዳው በጨው ተበልቶ እንደ አሮጌ ዳቦ ይፈረፈራል። እማማ ሳልሀ ፍራሹን ገለጡ፤ ከአልጋው ሥር አዩ፤ የበሩን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ከውስጥ አይዘጋም። ይህንንም በሆዳቸው አኖሩት።

የሆቴሉን ነገር ሁሉ የምታንቀሳቅሰው አመለወርቅ የምትባል ወፍራም ሳቂታ ሴት ናት፤ መዝገብ ትጽፋለች፣ ምግብ ታዛለች፣ ፎጣ ታድላለች።

«ፍል ውሃው የታለ?» አሏት እማማ ሳልሀ።

«ይመጣል እማማ።»

«ፍል ውሃ ከመሬት ይፈልቃል እንጂ ይመጣል እንዴ?»

«ቱቦው ተሰብሮ ነው። ምንጩ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ በበርሜል በመኪና እናስመጣዋለን።»

«በመንገድ አይቀዘቅዝም?»

«እንኳን ውሃው፣ አሰብ አገር ሬሳስ ይቀዘቅዛል?» ብላ ሳቀች አመለወርቅ። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ባኞው ለብቻው አሥራ አምስት ብር ነው» አለች።

ውሃው መጣ። ሁለት ሰዎች በባልዲ እየቀዱ የዛገው ባኞ ውስጥ ገለበጡት፤ ቢጫ ቢጫ ይላል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። እማማ ሳልሀ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ነጅዋን ተደግፈው ገቡና ቁጭ አሉ። ለብ ያለ ነበር። ለሻይ አይሆን፣ ለጉልበት አይሆን። ሬሳ እንኳ ከዚህ በሞቀ ውሃ ነው የሚታጠበው። ከሥሩ አሸዋ ይቆረቁራል። ነጅዋ በጣሳ እየቀዳች ጉልበታቸው ላይ ስታፈስላቸው ቆየችና፣ «ተሻለሽ እማማ?» አለች።

«ቀሚሱን አይተሻል?» አሏት እሳቸው መልሰው።

«የቱን ቀሚስ?»

«እኔን አትዋሺኝ።»

ጣሳው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። «እማ ናት የከተተችው» አለች ነጅዋ። «ከምሳ በኋላ እንግዶች አሉ፤ ለብሰሽ ሰላም ትያለሽ አለችኝ።»

«እነማን?»

«አላውቅም። አባዬን እንዴት ብዬ ልጠይቀው?»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ እማማ?» ልጅቱ ጣሳውን አንሥታ እንደገና ማፍሰስ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ፣ ለውሃው እንደምትነግር ሁሉ፣ «ሰኞ የፊዚክስ ፈተና አለኝ» አለች።

እማማ ሳልሀ ደረቅ ልብስ ለብሰው፣ «ፎጣ ልጨምር» ብለው ወደ መግቢያው ሄዱ። አመለወርቅ ፎጣ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ቀረ። እማማ ሳልሀ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ቆጥረው፣ በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል የደረሱ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ይህን ይረሳዋል። ጣታቸውን እየነዱ አነበቡ። ሦስት ቁጥርና አራት ቁጥር፣ ሙሂዲንና ቤተሰቡ። ስድስት ቁጥር፣ ሼህ ዘካሪያ። ሰባት ቁጥር፣ ዓብዱልሀዲ ኑህ፣ ከጅዳ። ስምንት ቁጥር፣ ወይዘሮ ሐስና ዑበይዳ፣ ከጅዳ።

ሼህ! ሼህ ለምን ይመጣል? ኒካሁን እዚሁ ሊያስሩት ነው፤ ጎረቤት ሳይሰማ፣ አስተማሪ ሳይሰማ፣ በዚህ ፍየል ገንዳ በምትውልበት ቤት! እማማ ሳልሀ ጠረጴዛውን ተደገፉ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ስሙ ተመለሰ። ሐስና ዑበይዳ። የኑህ ሚስት ሐስና፣ በካምፖ ሱዳን በአንድ ግቢ አብረዋት የኖሩት፣ በኋላ ወደ ጅዳ የሄደችው ሐስና። ዓብዱልሀዲ ማለት ያ ልጅ ነው። ያ ጨቅላ። ሐስና በወለደች በሳምንቱ ትኩሳት ጥሏት ሆስፒታል ስትገባ ሕፃኑን ያስታቀፉት ለእሳቸው ነበር፤ እሳቸው ያኔ ሳውሳንን ያጠቡ ነበርና። በአንዱ ጡት ሳውሳን፣ በሌላው እሱ።

መጀመሪያ ደስታ ወረራቸው። ነገሩ አለቀ ማለት ነው! ጡት እንደ ሥጋ ነው፤ ከአንዲት ሴት ጡት የጠባ ልጅ ለልጆቿ ወንድም፣ ለልጅ ልጆቿ አጎት ይሆናል፤ ኒካህ አይታሰርም። ግን ደስታው እግር ሳይዘረጋ ሌላው ሐሳብ ደረሰበት። በባሕሩ ዳር ሼኾች ትምህርት ቀመስ ቀመስ ማድረግ አይቆጠርም፤ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት አለበት። እሳቸው ስንት ጊዜ አጠቡት? ያውቁታል፤ እንደ ሶላት ረከዓ ያውቁታል። ባስታቀፏቸው ዕለት ምሽት አንድ። እኩለ ሌሊት ሁለት። ንጋት ላይ ሦስት። በማግስቱ የሐስና እህት ከራሔይታ የፍየል ወተት ይዛ ደረሰችና ሕፃኑን ወሰደችው። ሦስት ነው። አራተኛም የለውም።

«ፎጣዎ ይኸው እማማ፤ ደህና ነዎት? ፊትዎ ነጣ እኮ» አለች አመለወርቅ።

«ውሃችሁ ነው» አሉ እማማ ሳልሀ።

ዙሁር ተሰግዶ ምሳው ከተነሣ በኋላ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ወንበር ተደረደረ፤ ሼህ ዘካሪያ ቀድመው ተቀመጡ። ሐስና ከሰባት ቁጥርና ከስምንት ቁጥር መካከል ብቅ አሉ፤ እጃቸው ላይ የወርቅ አምባር እየተንኳኳ፣ በጥቁር ዓባያ ተጠቅልለው። እማማ ሳልሀን አንገት ላንገት እያገላበጡ ሳሟቸው።

«ሳልሀ! ያ አላህ፣ አርጅተሻል እኮ!»

«አንቺስ ምነው ባለሽበት ቆየሽ? ጅዳ በረዶ ቤት ነው እንዴ ያስቀመጡሽ?»

ሁሉም ሳቀ፤ ሙሂዲን ከሁሉም በላይ ሳቀ። ሳቁ ከሚገባው በላይ ረዘመ። ዓብዱልሀዲ የተባለው ከእንግዲህ ልጅ አይደለም፤ ሠላሳ አምስት ሊሞላው ነው። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ደንዳና ሰው ነው፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። እጅ ከነሣ በኋላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን በጀለቢያው ጫፍ ይወለውላል። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፣ የጭነት መኪናዎች አሉት፣ ጅዳ ውስጥ ፎቅ ተከራይቷል፤ ይህን ሁሉ የሚናገሩት ሐስና ናቸው። እሱ ዝም። እማማ ሳልሀ ዝምታውን አልወደዱትም፤ ዝም የሚል ገዢ ዋጋውን ቀድሞ የተስማማ ነው።

ነጅዋ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ ሻይ ይዛ መጣች። ሐስና «ማሻ አላህ፣ ማሻ አላህ» እያሉ ከእግር እስከ ራስዋ ለኳት፤ ሉባባም በዓይኗ የሐስናን ፊት ተከተለች፤ ያልተሸጠ ዕቃ ይዛ እንዳትመለስ የሰጋች ይመስል። ዓብዱልሀዲ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየና ወደ መነጽሩ ተመለሰ። ስለ ቤት ኪራይ ተወራ፤ ስለ ሪያል ተወራ፤ አሰብ በዚህ ዓመት ከወትሮው ይሻላል ወይስ ይከፋል የሚለውም ተነሣ። ነጅዋ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። እማማ ሳልሀ ሼሁ ወደ ሙሂዲን ዞረው «እንግዲህ» እስኪሉ ይጠብቁ ነበር፤ አባቷ ነውና የሚጠየቀው። ሼህ ዘካሪያ ግን፣ ቀጭን፣ ሳላቸው የሚያስቸግራቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ሻያቸውን አስቀምጠው ወደ እማማ ሳልሀ ዞሩ።

«እናቴ፣ እኛ የመጣነው እርስዎን ልናስቸግር ነው» አሉ።

«እኔን?»

«ወይዘሮ ሐስና አልደበቁኝም። በእርስዎና በዚህ ልጅ መካከል የጡት ነገር አለ። ሦስት ጊዜ ነው ብለውኛል። ሦስት ከሆነ ኒካሁን አይከለክልም። እኔ ግን ከአጥቢዋ አፍ ሳልሰማ አላስርም ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

ሙሂዲን ጣልቃ ገባ። «እማዬ፣ ንገሪያቸውና እንገላገል። ሦስት ነው አይደል? አንቺ እኮ ሁልጊዜ ስትናገሪው ሰምቼሻለሁ።»

አሁን ሁሉም ገጠመ። ፍል ውሃው፣ ሰባ ብሩ፣ ሁሉም። ያመጧቸው ለጉልበታቸው አልነበረም፤ ለምላሳቸው ነበር። እማማ ሳልሀ በሐሰት እንደማይምሉ ካምፖ ሱዳን ያውቃል። ጎረቤት ሲጣላ «ሳልሀ ካየች ይበቃል» ይባል ነበር። ይህን እውነተኛነታቸውን ነበር እንግዲህ እንደ ፍየል ገመድ ይዘው የሚጎትቷቸው፤ የገዛ ልጃቸው ጫፉን ይዞ። ወደ ነጅዋ አዩ። ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ አውራ ጣቷ ላይ የቀረውን የቀለም ነጠብጣብ በቀሚሷ እጅጌ ለመሸፈን ትታገላለች።

«አምስት» አሉ እማማ ሳልሀ።

ከገንዳው ፍየሏ ስትጮህ ተሰማ።

«ምን አልሽ?» አሉ ሐስና።

«አምስት ጊዜ ነው።»

«ሦስት ነበር ያልሽኝ። ከሆስፒታል ስወጣ፣ በዚህ ጆሮዬ!»

«ያኔ የነገርኩሽ እህትሽ ከመምጣቷ በፊት ያለውን ነው» አሉ እማማ ሳልሀ። ድምፃቸው ሲወጣ ራሳቸውን ገረማቸው፤ ዝግ ያለ ነበር፣ የወፍጮ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። «የፍየሉ ወተት አልተስማማውም፤ አስመለሰው። እህትሽ እያለቀሰች መልሳ አመጣችልኝ። ያን ቀን ምሽት አጠባሁት፤ በማግስቱም ንጋት ላይ። እህትሽ እንዳታፍር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እህቴ ሞታለች!»

«አላህ ይዘንላት።»

«ምነው ሠላሳ ዓመት ዝም ብለሽ ዛሬ ትዝ አለሽ?»

«ዛሬ ነዋ የጠየቃችሁኝ።»

ሙሂዲን «እማዬ» አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ጥርሱን ነክሶ ነበር። እማማ ሳልሀ ወደ እሱ አልዞሩም። ሼሁ እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙና፣ «በየጊዜው ጠግቦ፣ ራሱ ትቶ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጠግቦ፣ ራሱ ትቶ።»

«በአላህ?»

የዚህ ቃል ክብደት እማማ ሳልሀን አያስተምሯቸውም። በሐሰት የማለ ሰው እንደ ድንጋይ ወደ እሳት እንደሚወርድ በሴቶች የቁርኣን ደርስ ላይ ስንት ጊዜ ሰምተዋል። ሳውሳን እልል እየተባለላት መርከብ ላይ ስትወጣ የያዘችው ትንሽ ሻንጣ በዓይናቸው መጣ፤ ያን ጊዜም አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ።

«ወላሂ» አሉ።

ሼህ ዘካሪያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲህ አለቀ። ከተባለ በኋላ ምን ቀረ? ይህ ሰው የሙሂዲን ወንድም ነው፣ ለልጅቱም አጎቷ። ሐራም ነው። አላህ ከዚህ የከፋ ስሕተት ሳንሠራ አዳነን፤ አልሐምዱሊላህ በሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሼሁ ራሳቸው። ሉባባ ማንም ያልጠጣውን ሻይ መሰብሰብ ጀመረች። ሐስና ተነሥተው ዓባያቸውን ካራገፉ በኋላ እማማ ሳልሀ ጆሮ ዘንድ ጎንበስ አሉ። «እኔና አንቺ አኺራ፣ አላህ ፊት እንገናኛለን» አሉ በለሆሳስ፣ ሽቶአቸው እየሸተተ። ሙሂዲን መኪናዋን ሊያስነሣ ሄደ። ማደሩ ቀርቷል። ከአመለወርቅ ጋር ስለ ሁለቱ ክፍሎች ሲከራከር ይሰማል፤ እሷ «የተጻፈ ተጽፏል» ትላለች፣ እሱ «በርሜል ውሃ ሸጣችሁልኝ ደግሞ!» እያለ ይጮኻል። በእናቱ ላይ ሊጮኸው ያልቻለውን በእሷ ላይ ጮኸው።

እማማ ሳልሀ በረንዳው ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ለሐሰት መሐላ ማካካሻ ሦስት ቀን ጾም ይበቃ እንደሆነ ወይም ጭራሽ ማካካሻ እንደሌለው ለማወቅ ፈለጉ፤ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በሐሳባቸው ዞሩ። ይህን ለመጠየቅ የሚሆኑ ሰው ሼህ ዘካሪያ ብቻ ነበሩ።

«ልቀመጥ?» አለ አንድ ድምፅ። ዓብዱልሀዲ ነበር። መልስ ሳይጠብቅ ምንጣፉ ላይ፣ እግራቸው አጠገብ፣ ደንዳና ገላውን አጥፎ ተቀመጠ። መነጽሩን አውልቆታል፤ ያለ መነጽር ፊቱ ዕርቃኑን የቀረ ይመስላል። ሊሰድበኝ ነው አሉ እማማ ሳልሀ በሆዳቸው፤ ወይ ሊያባብለኝ፣ ወይ ሊያወጣጣኝ። ተዘጋጁለት።

«ሚስት ፍለጋ መጥቼ እናት ይዤ ተመለስኩ» አለና ፈገግ አለ። «ጅዳ ብናገረው ማንም አያምነኝም። ከእንግዲህስ ምን ልበል፣ አንቱ ወይስ አንቺ? ልጅ እናቱን አንቱ ሲል ሰምቼ አላውቅም።»

«እንደ ወደድክ።»

«እንግዲያው አንቺ ልበልሽ።» መነጽሩን በእጁ አገላበጠው። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እናቴ አትስማ። ጅዳ አንዲት ልጅ አለችኝ። ከነጅዋ በሁለት ዓመት ነው የምታንሰው። ዛሬ ሻዩን ይዛ ስትመጣ እጇን አየሁት፤ ጣቷ ቀለም ነበረው፤ የኔም ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንዲሁ ናት። አፈርኩ ወላሂ። ሼሁ ፋቲሓ ሳይሉ እናቴን ወደ ውስጥ ጠርቼ 'ይቅርብኝ፣ ልጅ ናት' ልላት ቆርጬ ነበር። ልነሣ ስል አንቺ ቀደምሽኝ።»

እማማ ሳልሀ ፊቱን መረመሩት። ከአንድ ሰዓት በፊት ፊታቸውን ሳያጥፉ የዋሹ ሴት ናቸውና ውሸት የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፤ የከንፈሩን ጫፍ አዩ፣ የዓይኑን ቆብ አዩ፣ እጁን አዩ። ዋሽቶ ቢሆን ምንኛ ይሻላቸው ነበር። ይህ ሰው ልጅቱን ሊወስድ የመጣ ሰው ሆኖ ቢቀር፣ ወላሂ ያሉት ቃል ቢያንስ የቆመበት መሬት ይኖረው ነበር። ዳግመኛ ፈለጉበት። አላገኙም።

«ለምን ቶሎ አልተናገርክም?» አሉት። ድምፃቸው ከፍ ብሎ ወጣ፤ እሱ ደንገጥ አለ።

«ፈሪ ነኝ» አለ። «እናቴን እፈራለሁ። አንቺ ግን አልፈራሽም፤ እውነቱን ተናገርሽ።»

ከወዲያ ሙሂዲን የፔጆዋን ጥሩምባ ነፋ። ነጅዋ ከኋላው ወንበር ሆና ወደ በረንዳው ትመለከታለች፤ ጉልበቷ ላይ ደብተር አለ። ዓብዱልሀዲ ሊነሣ ተንበረከከ፤ ግን አልተነሣም፤ እንደ ተንበረከከ አንገቱን ደፋላቸው፤ ሽበት ጣል ያደረገበትን ራሱን።

«መርቂኝና ልሂድ እማዬ» አለ። «እናት ያጠባችው ልጅ ሳይመረቅ ከቤት አይወጣም።»

እማማ ሳልሀ እጃቸውን አነሡ። ራሱ ላይ አኖሩት። ስንት ዓመት ሙሉ ተጓዡን ሁሉ ሲመርቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ቃሉ ሳይጠሩት ነበር የሚመጣላቸው። ዛሬ ምላሳቸው ላይ ደርሶ ቆመ። ይህ አፍ የሚለው ምርቃት ወደ ላይ ይወጣ እንደሆነ ጠረጠሩ።

«አሚን» አለ ዓብዱልሀዲ፣ ገና አንድ ቃል ሳይወጣቸው።